“ፒውተር ግሪን” ወይስ “ሮዝሜሪ”? ተመሳሳይ ቀለም፣ የማይመሳሰል ወጪ

በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትኖረው ታላቅ እህቴ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ሁለት ጋሎን አረንጓዴ ቀለም ተቀምጧል። አንደኛው ጥቂት ብቻ የተነካ ሲሆን ሌላኛው ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። በትእዛዝ የተቀየጠ ቀለም በመሆኑ የሸጠው መደብር መልሶ አይረከበውም። በነጻ ውሰዱ ቢባልም የሚወስድ ጎረቤት አልተገኘም። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ ቤት ገዝቶ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቀለም የሚያማርጥ ሰው ሁሉ ሊገጥመው የሚችል በመሆኑ ለዚህ ገጽ ይሆናል ብለን አቅርበነዋል።

ዐምና እናታችን ከአዲስ አበባ ወደ እህቴ ዘንድ ጠቅልላ ልትሄድ ተወሰነ። ዕድሜዋ 78 ነው። ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳት በመሬት ላይ ያለው፣ መስኮቶቹ ወደ ሰሜን የሚያዩት ክፍል ተመደበላት። አንደኛው ዓይኗ የሞራ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሲሆን ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል። እህቴ ክፍሉ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ተቀብቶ እንዲቆያት ፈለገች፤ ምክንያቱም ያደግንበት ቤት በርና መስኮት አረንጓዴ ስለነበረ ነው። በዚህ ባለቤቷም ተስማሙ። ያልተስማሙት “የትኛው አረንጓዴ?” በሚለው ላይ ነው። እሷ “ፒውተር ግሪን” አለች፤ እሳቸው ደግሞ “ሮዝሜሪ” አሉ።

ሁለቱም የሸርዊን ዊልያምስ ቀለሞች ናቸው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1866 በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ የተመሠረተና ዛሬ የራሱ የሆኑ ከ4 ሺህ በላይ መደብሮች ያሉት ሲሆን፣ ቀለሞቹን በስምና በቁጥር ይሸጣል። ፒውተር ግሪን ቁጥሩ 6208፣ ሮዝሜሪ 6187 ነው። ለዓመታት የአሜሪካን ቤቶች ነጭና ግራጫ ሲገዛቸው ከቆየ በኋላ አረንጓዴ ገበያውን መያዙ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2022 ነበር። በዚያ ዓመት ሸርዊን ዊልያምስ “ኤቨርግሪን ፎግ” የተባለውን፣ ተፎካካሪው ቤንጃሚን ሙር ደግሞ “ኦክቶበር ሚስት” የተባለውን፣ ማለትም ሁለቱም አረንጓዴ ቅላጼ ያላቸውን የዓመቱ ቀለም ብለው ሰየሙ። ከዚያ ወዲህ የወጥ ቤት ቁም ሳጥንና የመኝታ ቤት ግድግዳ በጠቆረ አረንጓዴ ማስዋብ የተለመደ ሆኗል። ፒውተር ግሪንና ሮዝሜሪም በዚህ ሰልፍ ከፊት ከሚጠሩት መካከል ናቸው።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ፒውተር በቀድሞ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ሳህንና ማንቆርቆሪያ ይሠራበት የነበረ፣ አብዛኛው ክፍሉ ቆርቆሮ የሆነ ግራጫ ቅይጥ ነው። ሮዝሜሪን ግን የእኛ ሰው ሳያውቀው ያውቀዋል። የጥብስ ቅጠል ነው። ስሙ በራሱ ግማሹን ጉዳይ ይናገራል፤ አንዱ ወደ ብረት፣ ሌላው ወደ ቅጠል ያደላል። ለነገሩ የቀለም ስም የሚያወጡ ሰዎች ሥራቸው መሸጥ ስለሆነ በስም ብቻ መተማመን አያዋጣም።

በወረቀት ላይ

የቀለም መደብሮች በናሙና ወረቀቱ ጀርባ የሚያትሙት አንድ ቁጥር አለ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤል አር ቪ ይባላል፤ ቀለሙ ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ስንት በመቶውን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ የሚያሳይ ነው። ጥቁር ወደ 0፣ ነጭ ወደ 100 ይጠጋል። “አላባስተር” የሚባለው ታዋቂ ነጭ 82፣ ከላይ የጠቀስነው ኤቨርግሪን ፎግ 30 ሲሆን ሮዝሜሪ 14፣ ፒውተር ግሪን 12 ነው።

በ14 እና በ12 መካከል ያለው የ2 ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። እህቴም ያለችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በመቀነስ ሳይሆን በማካፈል መሠራት አለበት። ከ12 ወደ 14 መሄድ ማለት ግድግዳው ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ብርሃን በአንድ ስድስተኛ ጨመረ ማለት ነው። በነጭ ቀለሞች ዘንድ፣ ለምሳሌ በ82 እና በ84 መካከል፣ የ2 ልዩነት በዓይን አይያዝም። በጠቆሩ ቀለሞች ዘንድ ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ በግልጽ ይታያል።

ኩባንያው ለኮምፒዩተር ሰሌዳ የሚሰጠው ቀመርም አለ። ፒውተር ግሪን ቀይ 94፣ አረንጓዴ 98፣ ሰማያዊ 89 ሲሆን፣ ሮዝሜሪ ቀይ 100፣ አረንጓዴ 105፣ ሰማያዊ 92 ነው። አንባቢ እንደሚያስተውለው በሁለቱም ውስጥ አረንጓዴው ከቀዩ የሚበልጠው በ4 እና በ5 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ሁለቱም ከአረንጓዴነታቸው ግራጫነታቸው ይብሳል። ልዩነታቸው ያለው በሰማያዊው በኩል ነው። በፒውተር ሰማያዊው ከአረንጓዴው በ9 ሲያንስ፣ በሮዝሜሪ በ13 ያንሳል። ሰማያዊ ባነሰ መጠን ቢጫነት ይጨምራልና ሮዝሜሪ ሞቅ ያለ፣ ፒውተር ቀዝቀዝ ያለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥር የማይወድ ሸማች ይህንኑ በሌላ መንገድ ሊደርስበት ይችላል። በካታሎጉ ላይ እያንዳንዱ ጠቆር ያለ ቀለም ከላዩ ሳሳ ያሉ ወንድሞች አሉት። ፒውተር ግሪን ያለበት ረድፍ የሚጀምረው 6204 ቁጥር ካለው “ሲ ሶልት” ነው፤ ይህ ቀለም በቀዝቃዛ ብርሃን ሰማያዊ በመምሰሉ የታወቀ ነው። የሮዝሜሪ ረድፍ የሚጀምረው ደግሞ 6183 ከሆነው “ኮንሰርቫቲቭ ግሬይ” ሲሆን ሰማያዊነት አይታይበትም። ጠቆር ያለ ቀለም ውስጡ የደበቀውን ሳሳ ያለው ወንድሙ ያጋልጠዋል። እኔ በበኩሌ ከቁጥሩ ሁሉ ይህን ዘዴ የበለጠ እወደዋለሁ፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

በግድግዳ ላይ

እህቴ ይህን ሁሉ ከማየቷ በፊት ገዝታ ጨርሳ ነበር። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ሌላ መደብር በሳምንቱ መጨረሻ ቅናሽ ላይ ስለነበረ የፒውተር ግሪንን ስምና ቁጥር ነግራ በእነሱ ቀለም እንዲቀይጡላት አደረገች። ይህ በአሜሪካ የተለመደ አሠራር ነው። የተፎካካሪ ቀለሞች ቀመር በኮምፒዩተራቸው ተመዝግቦ ይገኛል። መደብሩ ውስጥ በተሰጣት ጠብታ ላይ ስታየው ከናሙና ወረቀቱ ጋር አንድ ነበር። ቤት ወስደው አንዱን ግድግዳ አንድ እጅ ቀቡት። ማታ በመብራት ጥሩ ሆኖ አመሸ። ጠዋት መጋረጃው ሲገለጥ ግድግዳው የባሕር ኃይል መርከብ መሰለ።

እዚህ ላይ የተፈጸመ ማጭበርበር የለም። ቀለም የሚሠራው ከመነሻ ቀለምና ከማቅለሚያ ነው፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ መነሻና ማቅለሚያ የተለያየ ነው። ሁለት የተለያዩ ቅይጦች በአንድ ዓይነት መብራት ሥር ፍጹም አንድ ሆነው፣ በሌላ ብርሃን ሥር ሊለያዩ ይችላሉ። የልብስ ነጋዴዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ በሱቅ መብራት አንድ የመሰሉ ኮትና ሱሪ ደጅ ሲወጡ የሚካካዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በጠቆሩ ቀለሞች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ጠቆር ያለ ቀለም የሚቀየጠው ነጩ ቲታኒየም ዳዮክሳይድ በእጅጉ በተቀነሰበት መነሻ ላይ ስለሆነ መልኩን ከሞላ ጎደል የሚወስነው የሚጨመርበት ማቅለሚያ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የራሳቸው ነበር። ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል፣ በዋሽንግተን አካባቢ ባለው ኬክሮስ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም አያገኝም። የሚገባው ከሰማዩ የሚመለስ ሰማያዊ ቅላጼ ያለው ብርሃን ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ትክክለኛው ፒውተር ግሪን እንኳ ግራጫው ጎልቶ አረንጓዴው ይሸሻል።

ከዚህ በኋላ ነው በሥርዓቱ ወደ መሞከር የተገባው። የሁለቱንም ቀለም ናሙና ከራሱ ከኩባንያው መደብር ገዝተው በሁለት ትላልቅ ነጭ ካርቶኖች ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀቡ፤ ዳር ዳሩን ነጭ አስቀርተው። ነጩ ዳር ዓይን የቀድሞውን ግድግዳ ቀለም ከአዲሱ ጋር እንዳያደባልቅ ይረዳል። ካርቶኖቹን በክፍሉ አራቱም ግድግዳዎች ላይ እያዘዋወሩ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታም በመብራት አዩዋቸው። እኔም በዚያው ሰሞን ለጥየቃ ሄጄ ስለነበር የዳኝነቱ ተካፋይ ሆንኩ።

ውጤቱ የሚከተለው ነበር። በሰሜኑ ክፍል ጠዋት ላይ ፒውተር ከሰል የመሰለ ግራጫ ሲሆን፣ ሮዝሜሪ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ማታ 2700 ኬልቪን በሆነው ሞቃት አምፖል ሥር ግን ፒውተር ሚዛኑን ጠብቆ አማረ፤ ሮዝሜሪ ወደ ወይራ፣ እንዲያውም ወደ ቡናማ ተንሸራተተ። ወጥ ቤቱ ወደ ደቡብ የሚያይ ነው። እዚያ ወስደን ስናያቸው ነገሩ ተገለባበጠ። ፒውተር በፀሐይ ውስጥ ደስ የሚል አረንጓዴ ሆነ፤ ሮዝሜሪ ቢጫነቱ በዛ። ሁለቱም ተከራካሪዎች በየፊናቸው ልክ ነበሩ፤ የተለያየ ክፍልና የተለያየ ሰዓት ነበር በልባቸው የያዙት።

ዋናዋ ባለጉዳይ ግን እናታችን ናት። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የዓይኑ ሌንስ እየቢጨና ብርሃን የማስገባት ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ሞራ ያለበት ዓይን ዓለምን ቢጫና ደብዘዝ ያለች አድርጎ ሲያይ፣ ሞራው የወጣለት ዓይን ሰማያዊውን ጭምር አጥርቶ ያያል። እናታችን እንግዲህ አንዱን ግድግዳ በሁለት ዓይኗ ሁለት ዓይነት አድርጋ ታየዋለች ማለት ነው። ከቀለሙ ውበት በላይ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ከመቶ 12ም ይሁን 14 ብቻ የሚመልሱ አራት ግድግዳዎች ያሉት ክፍል ውስጥ ሌሊት ለመጸዳጃ የምትነሳ አሮጊት የበሩን ጠርዝ እንዴት ትለያለች? ይህን ጥያቄ ያነሱት የእህቴ ባለቤት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ።

ሒሳቡ

ክፍሉ ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 14፣ ከፍታው 8 ጫማ ነው። ዙሪያው 52 ጫማ ስለሆነ የግድግዳው ስፋት 416 ካሬ ጫማ ይመጣል፤ በርና ሁለት መስኮት ሲቀነስ ወደ 366 ይወርዳል። አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ያህል፣ በአንድ እጅ ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። ስለዚህ ለሁለት እጅ ሁለት ጋሎን በጠባቡ ይበቃል። ጠቆር ያለ ቀለም ግን ነጩ ስለሚያንሰው ሥሩን የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። በሳሳ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ሦስተኛ እጅ፣ አልፎ አልፎም አራተኛ ይጠይቃል። ጥሩ የሚባለው የውስጥ ቀለም ጋሎኑ ከ70 ዶላር በላይ በሚጠየቅበት ገበያ ይህ ቀላል አይደለም። ልምድ ያላቸው ቀቢዎች በቅድሚያ ግራጫ የተደረገ ፕራይመር ይቀባሉ፤ በርካሹ ፕራይመር አንዱን ውድ እጅ ያስቀራሉ። የኩባንያው መደብሮች በየጊዜው ከ30 እስከ 40 በመቶ ቅናሽ ስለሚያደርጉ ጥቂት ሳምንት የታገሠ ሰው ሌላ መደብር ሄዶ ማስቀየጥ አያስፈልገውም ነበር።

የልስላሴውም ጉዳይ አለ። ፈጽሞ የማያንጸባርቀው ዓይነት የግድግዳውን ጉድለት ይደብቃል፤ ነገር ግን በጠቆረ ቀለም ላይ እጅ የነካውና ወንበር የፈገፈገው ሁሉ ነጣ ያለ ምልክት ሆኖ ይቀራል። አንጸባራቂው በጨርቅ ይወለወላል፤ ግን ስቱኮው በደንብ ካልተስተካከለ እያንዳንዱ ጉብታ ይታያል። በመካከላቸው ያለው፣ “ኤግሼል” የሚሉት፣ ለመኝታ ቤት የሚበጅ ነው።

ቤቱ የተሠራው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በአሜሪካ የእርሳስ ንጥረ ነገር ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የድሮውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አቧራውን ለሕፃናት መርዝ ያደርገዋል። ቀለም ቀቢው የበሩን መቃን ሊፈገፍግ ሲነሳ ያስቆሙት ባለቤቷ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሰው የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሪቱ ደንብ ያስገድዳል። በአገራችንም የእርሳስ መጠንን የሚገድብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷልና አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው ይህን ልብ ቢል ይጠቅመዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን

ዛሬ ከውጭ ያለ ዘመድ የቀለም ስምና ፎቶግራፍ በስልክ እየላከ “ልክ ይህን አስቀባልኝ” ማለቱ ተለምዷል። ፎቶግራፉን ለቀለም ቀያጭ ማሳየት ግን ብዙም ዋጋ የለውም። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፤ የስልኩ መስታወትም ራሱ ብርሃን አመንጪ ነው። የሚሻለው የናሙና ወረቀቱን ራሱን በሰው እጅ ማስመጣት፣ እሱንም በደጅ ብርሃን ከተቀየጠው ጋር ማስተያየት ነው።

የአሜሪካ መጽሔቶች ስለ ሰሜንና ስለ ደቡብ ክፍል የሚሰጡት ምክርም እንዳለ አይወሰድም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ባለው ጊዜ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ስለሆነም የሰሜን መስኮት ያለው ክፍል በግንቦት ፀሐይ ሲገባለት፣ በታኅሣሥ አይገባለትም። የክረምቱ ደመና ደግሞ ሁሉንም ያደበዝዘዋል። በዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚሰቀለው አምፖል ነጭና ቀዝቃዛው ዓይነት ስለሆነ ፒውተር ግሪንን የመሰለ ቀለም ማታ ማታ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይጎተታል። እዚህ ሮዝሜሪ ወይም እሱን የመሰለ የጥብስ ቅጠል ቀለም ይበልጥ ያስተማምናል ባይ ነኝ።

ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ጠቆር ያለ ግድግዳ ጥላሸቱን ይሸፍናል፤ አቧራን ግን ከነጭ ይልቅ ያጎላል። የሚፈለገውን ሁሉ በአንድ ቀን ማስቀየጥ፣ ከዚያም ጣሳዎቹን በአንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጦ ማዋሐድ ደግሞ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚመጣውን ዝንጉርጉር ያስቀራል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ፣ የተደረሰበት ስምምነት እንዲህ ነበር። በእናታችን ክፍል ከአልጋው ራስጌ ያለው፣ በርም መስኮትም የሌለበት የ14 ጫማ ግድግዳ ብቻ ሮዝሜሪ ተቀባ። ስፋቱ 112 ካሬ ጫማ በመሆኑ ለሁለት እጅ አንድ ጋሎን በቅቶ ተረፈ። ሦስቱ ግድግዳዎች አላባስተር ሆኑ። በሩ ራሱ ግን ከነጩ ግድግዳ እንዲለይ በተረፈው ሮዝሜሪ ተቀብቶ፣ አጠገቡ የሌሊት መብራት ተሰካ። እህቴም አልተከፋችም፤ ፒውተር ግሪን ለወጥ ቤቱ የታችኛው ቁም ሳጥን ተመደበላት፤ ይህኛው ከራሱ መደብር፣ በቅናሽ ሳምንት የተገዛ ነው።

እናታችን በደረሰች ማግስት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። ከዚያም ሦስቱን ግድግዳ ካነጣችሁ ይሄ አራተኛው ምነው ቀረ፣ ገንዘብ አነሳችሁ እንዴ ስትል ጠየቀች። እህቴ ልታስረዳት ሞከረች። የእህቴ ባለቤት ግን ወጥ ቤት ገብተው ሲስቁ ይሰማ ነበር።

ምድር ቤት ያሉትን ሁለት ጋሎኖች በተመለከተ፣ እሳቸው የልብስ ማጠቢያውን ክፍል በር ልቀባበት ይላሉ። እህቴ እስካሁን ፈቃዷን አልሰጠችም።